ወደ ውስጥ እንጥሻ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ሙሐረቅ፣ ከማጠቢያው ክፍል ጎን፣
ድምፁ ሲቀሰቅሰኝ እጄ ፈለገ ጄሪካን።
ኮምቦልቻ መስሎኝ ነው፤ በሳምንት አንዴ ውሃ ሲመጣ
ቧንቧው እንዲህ ነበር፣ አየር ውጦ አየር ሲያወጣ፣
እንክ፣ እንክ፣ እንክ ብሎ፣
ሰፈሩን በጨለማ ከነባልዲው አሰልፎ።

ቧንቧ አልነበረም።
ሉሉ ነበረች፤
አራት እግሯን አንፈርክካ፣ ክርኗን ወደ ውጭ ገፍታ፣
አንገቷን እንደ ዝይ ዘርግታ፣
ዓይኗ ሊወጣ ደርሶ
አየሩን ወደ ውስጥ ትስባለች፣ ትስባለች፣
ጨርቅ እንደ ነከሰ ዚፕ።

ሞተች አልኩ። መጀመሪያ የታየኝ፣ እውነቱን ልናገር፣
ቡችላዋ አልነበረችም፤ ዋጋዋ ነበር።
«ከስድስት ወር ደሞዝሽ ይበልጣል» ብላኛለች ማዳም ያመጧት ዕለት፣
ሳትቆጣ፣ ፈገግ ብላ፣ የብርጭቆ ካርቶን እንደሚያስረክብ ሰው።

ስሟ ሉሉ ነው። በእኛም ሉል ነው፤ እዚህ ላይ ቋንቋው ተስማማ።
የእኔ ግን ጥሩነሽ ነበር፤ «ጥ» አልወጣ ሲላቸው
ትሪ ሆኜ ቀረሁ። ልክም ናቸው፣
ከእጄ መች ጠፍቶ ያውቃል።

ሐኪሙ፣ የኬረላው ሰው፣ ቪዲዮውን በስልኬ አየ፤
«በሽታ አይደለም» አለ፤ «እንጥሻ ነው፣ መንገድ የሳተ፤
ወደ ውጭ መሄዱ ቀርቶ ወደ ውስጥ የገባ።
አቧራ ያስነሣባታል፣ ሽቶ፣ የአንገት ማሰሪያ፣ ደስታም።
አንቺ ከደነገጥሽ ትደነግጣለች።
ጉሮሮዋን አሻሺላት፤ ያልፋል።»
ደስታም! ደስታ እንደሚያንቅ እስከዚያ ቀን አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ማሰሪያዋን ከአንገቷ ወደ ደረቷ አወረድኩ።
ማዳም ተኳኩላ ስትወጣ፣ ሽቶዋ ቀድሟት ሳይደርስ በሩን ገፋሁ።
ሻማሉ ነፍሶ ሰማዩ የሽሮ ዱቄት ሲመስል
መስኮቱ ሥር እርጥብ ፎጣ አነጠፍኩ።
እሷ ግን ሲያሰኛት ትላለች፤
እንክ፣ እንክ።

ሰው ሲያስነጥስ «ይማርሽ» ይባላል፣ «ያኑርሽ» ይመለሳል።
ወደ ውስጥ ላስነጠሰስ?
እናቴን በድምፅ መልእክት ጠየቅኋት። ጎረቤት እስኪሰማ ሳቀች፤
«ልጄ፣ እሱማ መዋጥ ነው፤
ለመዋጥ ደግሞ ምርቃት አልተሠራለትም» አለች።
መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ ሳቋ ያለበትን።

አቡ ራሺድ፣ የማዳም አባት፣ ውሻ አይነኩም።
ለሶላት የለበሱት ነጭ ልብስ አለ፤
ሉሉ በምንጣፋቸው አጠገብ ብታልፍ ከዘራ ያነሣሉ።
አንድ ሌሊት ግን ድምፁን ሰምተው መጡ፤
ደጃፉ ላይ ቆመው ከኪሳቸው የአጥንት ቆንጣጭ አወጡ፤
አባታቸው ዕንቁ ፍለጋ ባሕር ሲጠልቁ
አፍንጫቸውን የሚዘጉበት።
ምንም አላሉም። በገዛ አፍንጫቸው ላይ ሰኩት፤
ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉ፤
ማንቁርታቸው ወጣ፣ ወረደ። ነቀሉት።
ከዚያ በከዘራቸው ጫፍ ወደ ሉሉ ጠቆሙ።

ገባኝ።
ጣቴን በአፍንጫዋ ቀዳዳ ላይ አሳረፍኩ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ሳልጫን፤
በሌላው እጄ ጉሮሮዋን
ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች፤
ፊቷ ላይ እፍ አልኩ፣ ትኩስ ወተት እንደሚያበርድ ሰው።
ዋጠች።
ቤቱ ዝም አለ፤ ኤሲው ብቻ።
ቀና ስል ደጃፉ ባዶ ነበር።

ትናንት ምንጣፍ ሳራግፍ አቧራው ያዘኝ፤
ሦስት ጊዜ፣ ወደ ውጭ፣ ግቢው እስኪያስተጋባ አስነጠስኩ።
ሉሉ ራሷን ዘመም አድርጋ አየችኝ፤ ይህ ደግሞ ምን ዓይነት በሽታ ነው እንደማለት፤
ከዚያ ሄዳ ከሽማግሌው ወንበር ሥር ተኛች።

«የርሐሙኪላህ» አሉ አቡ ራሺድ፣
ከዘራቸውን ሳያነሡ።
«ያኑርልኝ» አልኩ በአማርኛ።
ምንጣፉን አጠፍኩ።
ምሳ ደርሷል፤ ትሪው ይጠብቃል።