አሥራ ሦስት ጥርስ

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ሻርጃ ላይ፣ ፓሌት ይጣላል ሲመሽ፤
ባሕር የተሻገረ ጥድ ነው፣ ሚስማሩ ዝጎ ልብስ የሚያበላሽ።
ፎርማኑ ዐይኑን ይጨፍናል፤ እኔም በጀርባዬ አዝዬ
እስከ ጣሪያው ክፍል እወጣለሁ፣ «ረምላ፣ እንጨት!» ብዬ።

ሰባት ዓመቷ ነው። ቁጥር በዐረብኛ ትቆጥራለች፤
ቁጣ ሲመጣ በአማርኛ፣ ልክ እንደ እናቷ ትጮኻለች።
እናቷ አል አይን ናት፣ ሰው ቤት፤ የሰው መንታ ታሳድጋለች፤
አንዱን ጁምዓ ዘልላ፣ በሌላው ጁምዓ ትመጣለች።

«አባ» አለችኝ አንድ ማታ፣ «እማ የምትወጣበት በር እንሥራ፤
እጀታውን ሳዞረው፣ ወጥታ ስሜን ትጥራ።»
«ስም መጥራት እንጨት አይችልም።»
«እሺ፣ መውጣቱስ?»
«መውጣቱን እንሞክረው።»

በር ሠሪ አይደለሁም፤ ካርቶን ቆጣሪ ነኝ።
ኮምቦልቻ ሳለሁ የጠገንኩት ብስክሌት ሁሉ ያን ማታ አገዘኝ፤
ጥርስና ጥርስ ሲናከስ፣ አንዱ ሲሄድ አንዱ ሲከተል
አውቀዋለሁ፤ ጣቴ ያውቀዋል ብል ይሻላል።

ክብ ቆረጥኩ በመጋዝ፣ በሻይ ሳህን ለክቼ፤
ጠርዙን እሷ አለሰለሰች፣ እኔ መሐሉን በስቼ።
«በየማታው አንድ ጥርስ ይሂድ፣ በአሥራ አራተኛው በሩ ይከፈት»
ብላ ወሰነች። ሽቦ አጥፌ መያዣ አበጀሁለት፣
ቀኑ ወደኋላ እንዳይሸሽባት።

ከጎማው ጎን ጉብታ ተከልን፣ ዘንጉን የሚገፋ፤
የጉብታው ስም ጠፋብኝ፤ በአማርኛም በዐረብኛም ጠፋ።
ዘንበል ብላ አየችው። «ሆድ ነው» አለች፣ «ጎማው በልቶ ጠግቧል።»
ሆድ ሆኖ ቀረ። ሆድ ሲሞላ፣ በር ይገፋል።

እናቲቱን ጠረብኳት፣ ከተሰበረ የመጥረጊያ እጀታ፤
ካረጀ አባያ ቁራጭ ለበሰች፣ በጥቁር ክር ተጠቅታ።
ፊት ግን የላትም። «እማ ስትመጣ አይቼ ልሳላት» አለች ረምላ፤
«ዐይኗ ትልቅ ነው? አሁን እኮ ትንሽ...»
ዝም አለች። እኔም ዝም።
ኤሲው ብቻ ባልዲው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ።

ነሐሴ ነበር። ወበቁ እንጨቱን አሳበጠው፤
ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ነክሶ ቆመ፣ ማን ያንቀሳቅሰው!
ሻማ ቀባነው፣ በሞረድ ፋቅነው፣ እምቢ።
«ስልክ ውኃ ሲገባው እንዲህ ነው» ብላ
ሌሊቱን ሩዝ ውስጥ ቀበረችው፤ ቁርሳችን ላይ መጋዝ ዱቄት ተበላ።
ዞረ ግን። ቀጭ።

ቆጠረቻቸው ስንጨርስ፣ በጣቷ፣ በዐረብኛ፤
ደግማ ቆጠረች። ቀና ብላ አየችኝ እንደ ዳኛ።
«አባ፣ አሥራ ሦስት ነው።»
እርሳሴ ተንሸራቷል፤ አንዱ ጥርስ የሁለት ስፋት ይዟል።
«ሌላ ልቁረጥ» ስል፣ እጄን ያዘች። «ተወው፣ እንዲህ ይሻላል፤
በአንድ ቀን ትቀድማለች።»

ከዚያ በየማታው፣ ከኢሻ በኋላ፣ አንዴ ቀጭ፣ ከዚያ መኝታ።
ሐሙስ ማታ አሥራ ሦስተኛው ደረሰ፤ ሆዱ ዘንጉን ገፋ ቀስ ብሎ፣
በሩ ወለል አለ፤ እንጨቷ ሴት ወጣች፣ ልብሷ ተንጠልጥሎ።
ረምላ ያየችው ግን የእኛን በር ነው፣ የብረቱን፣ አረንጓዴውን።
አየችው። ቆይታ አሁንም አየችው።

«ተበላሽቶ ነው?»
«አልተበላሸም፤ ቸኩሎ ነው።»
«ከኔ ተምሮ ነው» አለች፣ ወደ ግድግዳው ዞራ።
በሩን አልዘጋሁትም። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት አደረ።

ማግስቱን፣ ከሶላት መልስ፣ ደረጃው ላይ የማውቀው እርምጃ፤
ሉባባ ገባች፣ በአንድ እጇ ፌስታል፣ በሌላው ሻሿን እየፈታች።
ልጅቷ ወገቧ ላይ ተጣብቃ ሳለች፣ ዐይኗ መስኮቱ ሥር ዋለ፣
ከዚያች ከትንሿ፣ ፊት ከሌላት፣ ደጅ ከቆመች።

ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።
«ይቺ ደግሞ ማናት» አለች፣
«ቀድማኝ የመጣች?»