የጥገና ደብተር

አራብሳ ዳር ላይ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ከኮንዶሚኒየሙ ጥግ ኮንቴይነር አለኝ፣ ሱቅ ያልኩበት።
ስልክ እጠግናለሁ፤ ስክሪን፣ ባትሪ፣ የቻርጅ ቀዳዳ፣
ከአራተኛ ፎቅ የወደቀ፣ ውሃ የጠጣ፣ የሰፈሩን ፍዳ።
ደብተርም አለኝ፣ ልባሱ የነተበ፣
ስም፣ ብልሽት፣ ዕዳ፣ መክፈቻ ቁጥር የተከተበ፦

ኩምሳ፤ ድምፅ አይሰማም፤ አንድ ሁለት ሦስት አራት።
ሽታዬ፤ መስታወት፤ የልጇ የልደት ዓመት።
መምህር ጥላዬ፤ አይሞላም፤ አራት ጊዜ ዜሮ።
አስናቀች፤ ካሜራ፤ ያው የአምናው፣ ዘንድሮም እንደ ድሮ።

ሳልጠይቅ ይነግሩኛል፣ ጮክ ብለው፣ ወረፋው ፊት፤
«ካንተ ምን ይደበቃል?» ይሉኛል፣ እንደ ነፍስ አባት።

የሽታዬ በር ሦስት መዝጊያ አለው፦ ብረት፣ ጓጉንቸር፣ መቀርቀሪያ፤
ጓሯችን የጅብ መንገድ ነው፣ የማታ መሻገሪያ።
ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ስሟን ከነአባቷ ጠርቶ፣
«ከባንክ ነው» አላት አንድ ድምፅ፣ በትሕትና ተሞልቶ፤
«የደረሰዎትን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ።»
አነበበችለት፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይሳሳት ተጠንቅቃ፤
ደግማም አነበበች፣ «ሰማኸኝ ወይ?» ብላ፣ ለሱ ተጨንቃ።

የእቁቧ ሃያ ስምንት ሺህ፣ ሻይዋ ሳይበርድ ሄደ።
መዝጊያዎቹ እንደተዘጉ ናቸው፤ ሌባው በጆሮዋ ነው የወረደ።

ጅብ ከሄደ እንደሚጮህ ውሻ፣ መጮህ ጀመርኩ ያኔ፦
«እትዬ፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ! ያ ቁጥር ላንቺ ብቻ ነው፤
ለባንክ አይደለም፣ ለልጅሽ አይደለም፣ አይደለም ለእኔ!»

ለእኔ።
ይህን ስል እጄ ደብተሩ ላይ ነበር።
ስሟ ገጽ አሥራ አንድ፣ ሦስተኛው መስመር፤
የልጇ ዓመት በእጅ ጽሑፌ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
ከአራት መቶ ብር ዕዳዋ ጎን፣ ተሰምሮበት፣ ጎልቶ።

አልሰረቅኩም።
ግን ረዳቴ ዱሬሳ ስልክ ሲፈልግ ያገላብጠዋል፤
ሻይ አምጪዋ ብርጭቆ ታሳርፍበታለች፤ ሌላስ ማን አይቶታል?

ያን ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በእጅ ባትሪ ተቀምጬ፣
ያን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አወጣሁት፣ በመቀስ ቆርጬ።
ስም ቀረ፤ ብልሽት ቀረ፤ ዕዳማ መቼም ይቀራል፤
መሃሉ ግን ተሰንጥቆ፣ ማዶውን ያሳያል።

ጧት ኩምሳ መጣ፤ «ቁጥሩ ያው...» ሲለኝ፣
«ዝም በል! ራስህ ክፈተው» አልኩት፣ «እኔ ዞሬልሃለሁ።
ቤትህ ስትገባም ለውጠው፤ ረዘም ይበል፣
የሚያውቅህ ሰው እንኳ የማይገምተው።»
«ዛሬ ምን ነካህ?» ብሎ ሳቀ።

ሽታዬ የመጣችው ከሳምንት በኋላ ነው።
ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ጀርባዋንም ሰጠችኝ፤
ስልኳን በነጠላዋ ጋርዳ፣ ጣቶቿን ቀስ እያረገች፣
አንድ በአንድ ነካክታ፣ ቆይታ፣ ከፈተች።
ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ እንዲህ ተጠራጥራኝ አታውቅም።
ደስ አለኝ።