አንዲት ቃል

አርባ ዓመት ጽፌያለሁ በሄልስዌይት ቤት፣
ደብዳቤ ገልብጬ፣ ቀለም አድርቄበት፤
የሦስት ጌቶች እጅ በፊቴ አልፎበት
ያልገረመኝ ነገር ገረመኝ ድንገት።

የዚህ አገር ወጉ እንዲህ ነው ነገሩ፣
ስሙ እያጠረ ነው የሚረዝም ክብሩ።
ንጉሥ ስሙን ጽፎ፣ ከስሙ አስከትሎ
አንዲት ፊደል ያክላል፣ «ነገሥኩ» ለማለት ብሎ፤
ንግሥትም ብትሆን ያችው ፊደል ናት፣
ዙፋኑ አይለይም ወንዱን ከሴት።
ጳጳሱ ሲፈርም መስቀል ያስቀድማል፣
ስሙን ከከተማው በላቲን ያጋባል።
የጌታ ባለቤት ከፊት ስሟን ጥላ
የባሏን ማዕረግ ታዝላለች ከኋላ።
ጌታው ግን አንዲት ቃል፤ ሌላ አይጨምርበት፣
የቦታ ስም ብቻ፤ ራሱ የለበት።

እኔማ ኤኖክ ጆብ ላድሎ ነኝና
ሦስቱንም ዘርግቼ፣ ቀን ጨምሬ ገና፣
ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ቀና ብላ አይታ
«ፓስፖርት ይዘዋል?» ትለኛለች በፈገግታ።

በየካቲት ብርድ፣ ጣሪያው ሲያፈስ አይቶ
መሰላል የወጣው ጌታ አምብሮዝ ሞቶ፣
ልጅ ስላልነበረው መጣ ታናሽየው፣
ክሪስፒን፣ ወደብ ዳር ጂኦግራፊ አስተማሪው፤
ጣቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ፣ ኪሱ ቀይ እስክሪብቶ፣
ጥቁር ከረባቱን ባቡር ላይ ረስቶ፤
ዕድሜ ልኩን «ክ. ቴምፐርሊ» ብሎ የፈረመ
በልጆች ደብተር ላይ፣ ከ«ጎበዝ» ስር፣ እያረመ።

የቀብሩን ወረቀት ዘረጋሁለት።
ከላይ የሟች ስም፦ ሄልስዌይት።
ከታች የአዛዡ ፊርማ፣ ባዶ መስመር።
«ምን ልጻፍ?» አለኝ።
«ሄልስዌይት» አልኩት።
«ብቻውን?»
«ብቻውን።»

«ኤኖክ፣» አለ ቆይቶ፣ «ይህን ቦታ አውቀዋለሁ፤
አባቴ ሸጦታል። ውሃ ተኝቶበታል።
ከተማው እንዲጠጣ ሸለቆው ተገድቦ
ወፍጮው፣ ድልድዩ፣ የመቃብሩ አጥር ሰጥሟል አብሮ።
ድርቅ ሲሆን ብቻ የደወሉ ቤት ጫፍ ብቅ ይላል፤
ወፍ ያርፍበታል።
ለተማሪዎቼ ካርታ ሳስነድፍ
‹እዚህ ላይ ሰማያዊ ቀቡ› የምላቸው እሱን ነው።
በሌለ አገር ስም፣ በሞተ ሰው ፊርማ
ወንድሜን ልቅበረው?»

ምን ይመለሳል? ብዕሩን አቀበልኩት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
ይኼኛው ስም ግን ከላይም ከታችም ውሏል፤
አንዱን ያወርዱታል፣ አንዱ ያወርዳል።

አባትየው ያኔ ማኅተም ነበራቸው፣
ቀይ ሰም የሚያቀልጡ በሻማ፣ በጃቸው፤
ሰሙ ቀረ ዱሮ፤ ስሙ ግን ቀረ፣
ከትከሻ ትከሻ እንደ ካፖርት እየተሻገረ፣
እጅጌው ለማንም ልክ ሳይሆን።

ፈረመ።

ያን የማልቀይረውን አሮጌ መጣጭ ወረቀት
ጫን አደረግሁበት፣ አነሣሁ፣
ገልብጬ በመስኮቱ ብርሃን አየሁ።
ሦስት ጌቶች ተደራርበው፣ ቀኝ ግራቸው ዞሮ፣
በአንዲት ቃል ላይ ተኝተዋል።
እንግዳ ሰው ቢያያቸው አይለያቸውም።
እኔ ግን የመጨረሻዋን ፊደል አያለሁ፤
አባትየው አናቷን አግድም እንደ ሰይፍ ይመቷት ነበር፤
አምብሮዝ ይረሳታል፣ ሁልጊዜ ቸኩሎ፤
የዚህኛው አጭር ናት፣
ከታች ወደ ላይ ቀና ያለች ሰረዝ፣
አስተማሪ ከተማሪ መልስ ጎን እንደሚያኖራት
ራይት።