አሥራ አንድ ሜትር

ሰኞ ገና ሲነጋ፣ በጥዱ ደን ጠርዝ ላይ፣
መፍቻዬን ይዤ እወርዳለሁ፣ የእሑድን ሥራ ላይ።
አይፍል ኮረብታ ነው፣ የጀርመን ጭጋግ ሀገር፤
መንገዱ ይጠማዘዛል፣ እንደ ባለዕዳ ነገር።
እንጀራዬ አጥሩ ነው፤ የጎበጠ ብረት እፈታለሁ፣
ቀጥ ያለ እተካለሁ፣ ስንት ሜትር እንደሆነ እጽፋለሁ።

እሑድ በሩ ክፍት ነው፤ የከፈለ ይገባል።
ጥርስ ሐኪሙ ይገባል፣ ዳቦ ጋጋሪው ይገባል፤
ስድስት ቀን ሙሉ ለቀይ መብራት የሰገደ
በሰባተኛው ቀን፣ አንድ ዙር፣ እንደ ልቡ ነጎደ።

ሮስቪታ ዶርንቡሽ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤
በሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ ሃያ ስድስት ዓመት።
ልጆቹ በስሟ ፈንታ «ቀንድ አውጣ» ነው የሚሏት።
እሑድ ግን ሌላ ናት።
ሰማያዊ መኪናዋን፣ በዕድሜ ከልጇ የምትበልጠውን፣
ጎማ ነፍታ፣ ዘይት ለክታ፣ ታመጣታለች ማለዳውን።

በጥቅምት አንድ እሑድ ከፊቷ ያለፈ ሰው
ዘይት አንጠባጥቦ ነበር፣ ማንም ሳያየው።
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጎማዋ መሬቱን ካደ፤
መኪናዋ ዞራ ዞራ አጥሬ አብሯት ሄደ።
እሷ በእግሯ ወጣች። ከንፈሯ ብቻ ደማ።
አንድ ቃል ተናገረች፣ ለልጆች የማይሰማ።

ሒሳቡ ተከተላት፦ አሥራ አንድ ሜትር ብረት፣
ስድስት ምሰሶ፣ ጎታች መኪና፣ የዘይት ጠረጋ፣
መንገዱ የተዘጋበት የአርባ ደቂቃ ዋጋ።
መድን ሰጪው ጻፈ፦ «ክብርት ሆይ፣ አዝነናል።
በውላችን አንቀጽ ዐሥራ አራት እንደተጻፈው
ለፍጥነት በተሠራ ጎዳና ለደረሰ ጉዳት
አንጠየቅም።»
የደጁን አንቀጽ ከፍላ አለፈች፤ የውሉ አንቀጽ ዘጋባት።
ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መድን ነበራት፤
መድኅን የጠፋው እሑድ!

«ውድድር አልነበረም» አለች፤ «ማን ከማን ጋር ሮጠ?
ዋንጫ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ማን ማንን በለጠ?
ቀረጥ ክፈይ ተባልኩ፣ እንደ ድልድይ ከፈልኩ፤
መንገድ ነው አሉኝ፣ መንገድ ነው ብዬ ነዳሁ።»

የጉዳት ገማቹ መጣ፣ ታንክማር የሚባል፣
ጫማው ጭቃ የማያውቅ፣ ድምፁ ግን የሚያባብል።
ጋራዡ ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ ሜትሩን ልፈርም፣
እሷ እጇን አጣምራ፣ እሱ ከእስክሪብቶው ጋር።
«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለ፤ «ሰዓት ይለኩ ነበር?»

ዝም።
ጣሪያው ላይ ዝናብ ይቆጥራል።

አሁን የእኔን ልናገር። ሰኞ ዕለት፣ ሣሩ ውስጥ፣
ከጎበጠው ብረት ሥር አንድ ነገር አግኝቼ ነበር፦
እንቁላል ሲቀቀል የሚሞላ ሰዓት፣ በዶሮ መልክ የተሠራ፣
ከጀርባው ዳሽቦርድ ላይ የለጠፈው ሙጫ አልደረቀም።
ኪሴ ውስጥ ናት። እጄ ዶሮዋን አፍኗታል።
ማንም አልጠየቀኝም። እኔ አጥር ጠጋኝ ነኝ።

ሮስቪታ ኪሴን አየች።
«ስጠው» አለችኝ።
ከዚያ ወደ ገማቹ ዞራ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣
«ዐሥር ደቂቃ ሞልቻት ነበር፤ ሳትጮኽ ልደርስ።
ያ ዘይት ባይኖር ኖሮ፣ እደርስ ነበር» አለች።
ታንክማር ጻፈ። ሲጽፍ አንገቱን አልቀና አለው።

አሁን በየወሩ ትከፍላለች፤ የቤት ኪራይ ይመስል።
አንዳንድ እሑድ በእግሯ ትመጣለች፣ ሦስተኛው ኩርባ ድረስ፤
ከሽበታሙ አጥር መሐል ያንን አዲሱን ብረት፣
እንደ ወርቅ ጥርስ የሚያበራውን፣ በመዳፏ ትነካለች።
«የኔ ነው» ትላለች። አሥራ አንድ ሜትር ርስት።

በግንቦት አንድ ጎረምሳ ሦስቱን ሜትር አጠፈው።
ደወልኩላት፤ ባለቤት መስማት አለበት ብዬ።
ስልኩ ውስጥ የአውቶቡሱ ልጆች ይንጫጫሉ።
«ልጁስ?» አለች።
«ደኅና ነው።»
ረጅም ትንፋሽ።
«መድንስ አለው?»
«አንቀጽ ዐሥራ አራት» አልኳት።
ሳቀች፤ ልጆቹም ሳያውቁ አብረዋት ሳቁ፤
«እንግዲያው» አለች፣ «ደኅናነቱ ይበቃዋል።
ሰዓቱን ግን ጠይቅልኝ።»