የደረት ልክ

ከመድረኩ በታች፣ በከንፈሬ መርፌ፣
ሜትር አንገቴ ላይ፣ ከጨርቅ ተደግፌ፣
አሥራ ሦስት ዓመት ሙስካት ስጠብቃት ኖርሁ፣
በመጣች ቁጥርም ደረቷን ለካሁ።
ሁለቴ ነው ልኩ፦
አንደኛው ባዶዋን፣ ትንፋሿን ስትጥል፣
ሁለተኛው ሞልታ፣ ጎድን ከጎድኗ ሲነጥል።
በእርሳስ ጽፌዋለሁ በቀይ ደብተሬ፣
ጋዜጣ ያላየው አለ በቁጥሬ።
ዘጠኝ ሴንቲ ነበር ልዩነቱ ያኔ፤
«ዓሣ ነች ይቺ ሴት» ብዬ ነበር እኔ።

ዙወይና ነው ስሟ፣ የሱር ከተማ ልጅ፤
አባቷ ጥጥ ነክሮ፣ በዓሣ ዘይት አሽቶ፣ የጀልባ ሳንቃ ሲያበጅ፣
እሷ ውሃ ገብታ፣ ትንፋሽ እንደ ሳንቲም በጉንጯ ቋጥራ፣
መዶሻውን ሰምታ፣ እስከ መቶ ቆጥራ፣
ብቅ ትላለች አሉ፣ በጩኸቷ ሰማይ ነክታ፤
አክስቷ በመስኮት፣ ተቆጥታ፦
«የሴት ልጅ ድምፅ እኮ አጥር አይሻገርም!»
ተሻገረ። አጥሩም፣ ባሕሩም አልቀረም።

ካይሮ ሁለት ክረምት፤ ሚላኖ ላይ ሰባት፣
ከዳቦ ቤት በላይ፣ የእርሾ ሽታ ሌሊት ሲቀሰቅሳት፣
የጣሊያንኛን ቃል እንደ ቴምር ፍሬ መጥጣ ስትተፋ፣
አሮጊት መምህሯ በከዘራ ጫፍ «ከዚህ! ከሆድሽ!» እያለች ስትገፋ።

ከዚያ በኋላማ መሞት ሥራዋ ሆነ፦
ቪየና በጩቤ፣ ለንደን በሳል ደዌ፣ ፓሪስ ከግንብ ዘላ፤
ሰው ትኬት ቆርጦ አዘነ።
ሞታ ስትነሣ አበባ በእቅፍ፤
እኔ ጋ የሚመጣው ግን ላብ ነው፣ የጨው ካርታ፣
ከብብት እስከ እጅጌው ክንፍ።

አንድ ጊዜ ምርኮኛ ሐበሻ ልትሆን መጥታ፣
«እንጉዳይ» አለችኝ፣ ስሜን ሳትሰብረው፣ በትንሽ ፈገግታ፣
«እናንተ አገር ሴት ስታዝን እንዴት ነው?»
እኔ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ምን ብዬ ልንገራት?
መቀሱን ጣልሁት።
ደረቴን በጡጫ መታሁት። ደገምሁት።
ዝም ብላ አየችኝ፤ የራሷን ደረት ነካች።
በማግሥቱ ምሽት፣ ሙዚቃው ፀጥ ሲል፣ መታች።
ዕብነ በረዱ ሁሉ፣ የወርቅ ቅቡ ጣራ፣
ሚኒስትሩ፣ ነጋዴው፣ የሽቶው ጎራ
ለቅሶ ቤት ሆነ፤
ማንም አላወቀ የማን ቀብር እንደሆነ።
የእናቴ ነበረ። ያልደረስሁበት።

አሥራ አንድ ሴንቲ፦ ያ ዓመት፣ ያ ከፍታ።
ከዚያ ስምንት። ስድስት። ጋዜጣው በዕልልታ
«ዕድሜ አልነካት» ሲል፣ እኔ በስፌት ጎን፣
ሁለት ጣት አጠበብሁ ሸፍኜ ልዩነቱን።

ትናንት ለስንብት መጣች። ሚያዝያ ነው፤
ከማጥራህ ድንጋዮች ሙቀት የሚተነው።
«ስንት ነው?» አለችኝ።
ልዋሽ ነበር። «አራት።»
ሳቀች። «አራት ሴንቲ ስንት መዶሻ ናት?»

ያቺ ከፍ ያለች ድምፅ፣ ሰው ሁሉ የመጣላት፣
ስትደርስ፣ አልወጣቻትም።
ዝቅ አለች፤ ቀስ ብላ፣ ውሃ እንደምትገባ ልጅ፣
እኔም ከሥር ሆኜ፣ በጣት ቆቤ ጠረጴዛ እየመታሁ፣ ያዝሁላት ቁጥሩን በእጅ።
አርባ አንድ። አርባ ሁለት። እንዳትሰምጥ ፈራሁ።
ከዚያ ጭብጨባው እንደ ዶፍ ሲወርድ ሰማሁ።

ልብሷን አውልቃ፣ ፀጉሯ እንደረጠበ፣
«ለኪኝ» አለች። ለካሁ ባዶዋን።
ሜትሩን እንደያዝሁ ጠበቅሁ ሁለተኛዋን።
«ተዪው» አለች። «ይኼ ለኔ ይቅር።»
ቀኑን ጻፍሁ። አንዱን ቁጥር።
ከጎኑ ያለው ሳጥን ነጭ ነው እስካሁን።