ያለ ጥፋቱ የወለቀው

ኬምቺ ላይ ዝናቡ ሲመጣ አያስጠነቅቅም፤
ሲሄድም ልማድ ነው፣ ደህና ዋሉ አይልም።
እዚህ ደሴት ብረት ዝጎ ነው የሚወለድ፤
ባሕሩ ይልሰዋል፣ ሲቆምም ሲሄድ።

ዶኛ ኡበርሊንዳ ሰባ አራት ዓመቷ፤
የባሏ ቶዮታ ሠላሳ ስምንቷ።
አንዳቸው ገፍተው፣ አንዳቸው ጎትተው፣
ድንች ይሸጣሉ ገበያ አብረው ወጥተው።

ባለፈው ወር መጥታ፣ "ወደ ቀኝ ይስበኛል፤
ዳገት ላይ ይደክማል፣ ሸራ ሸራ ይሸተኛል"
ብትለኝ፣ ጎንበስ ብዬ ቸርኬው ላይ ተፋሁ፤
ምራቄ ጭስስ ብሎ ሲተን በዓይኔ አየሁ።
"ካሊፐሩ!" አልኩኝ። "ፒስቶኑ ዝጎ ነው።"
ፈረድኩበት በቁሙ፤ ጠበቃ የለው።
አዲስ አስመጣሁኝ ከፖርቶ ሞንት በጀልባ፤
ብሎኑን አጠበቅሁ፤ ፔሶዋም ኪሴ ገባ።
አሮጌውን ወረወርኩት
ከበርሜሉ ሥር፣
ከጎበጡ ብሎኖች፣ ከዝገት ክምር።

ዛሬ ሽታው ቀድሟት ደረሰ።
መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣
ሳትቆጣም፦
"ዳጎቤርቶ ልጄ፣ በሸጥህልኝ ብረት ድንች ይጠበሳል፤
የሚቀረው ጨው ነው፣ እሱስ እዚህ ሞልቷል።"

መልስ ሳጣ ጊዜ ክሪክ አመጣሁ።
ጎማውን ከመሬት አንሥቼ በሁለት እጄ ገፋሁ፤
እንደ በቅሎ እግሩን ተክሎ እምቢ አለ።
ፈታሁት። የካሊፐሩን ፒኖች በጣቴ ነካሁ፤
ራሴ የቀባሁት ግራሶ እንዳለ፣
ወዲህ ወዲያ ይላሉ፣ አንዱም አልተጣበቀ።
ታዲያ ምን ያዘው?

"ዶኛ፣ ፍሬኑን ይርገጡልኝ።"
"ረገጥኩ።"
"ይልቀቁት።"
"ከለቀቅሁት ቆየሁ።"
ዲስኩ ግን አልሰማም።

ከቱቦው በላይ ያለችውን መጋጠሚያ ፈታሁ፤ ምንም።
ከታች፣ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ብሎን
በስምንት ቁጥር ቁልፍ ሩብ ዙር ብነካት፣
ዘይቱ ፊጭ ብሎ ጉንጬን መታው፤
ዲስኩም በአንድ ጣት ዞረ።

ቁልፉን እንደያዝኩ ቆምኩ።
ከላይ ሲፈታ እምቢ፣
ከታች ሲፈታ እሺ፤
ነገሩ ከመሀል ነው።
ካሊፐሩ ያዥ አይደለም፣ የተያዘ እንጂ፤
አዲሱም፣
ያ አሮጌውም።

ቱቦውን አወለቅሁት። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ደህና፤
ስንጥቅ የለው፣ አያነባ፣ እንከን አይወጣለትምና።
በቢላ ለሁለት ብሰነጥቀው ግን
ውስጡ እንደ ታመመ ጉሮሮ አብጦ፣
ሽፋኑ ተልጦ፣ ምላስ አውጥቶ፤
ዘይቱ ሲመጣ ግባ ይለዋል፣
ሲመለስ በር ይዘጋበታል።
እግር በጉልበቷ ትገፋለች፤
ማን ይገፋዋል ለመመለስ?
መልከ መልካሙን አልፌ
የዛገውን ነበር የምከስ።

ሁለት ቱቦ ቀየርኩ፣ የግራውንም ጨምሬ፤
ነግ በሌላው ጎን እንዳላፍር ፈርቼ።
እሷ ስትረግጥ፣ እኔ ስከፍት ስዘጋ፣
አረፋው አለቀ። ዝናቡ ግን አላባራ።
እስከ ቤተ ጸሎቱ ነድታ ተመለሰች።
መዳፌን ቸርኬው ላይ ጣልኩ፦
የድመት አፍንጫ።

የካሊፐሩን ዋጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።
ጣቷን እያራሰች ቆጠረች፤
አንዷን ኖት ለዛሬ ድካሜ ብላ መለሰች።
"ያንን ደግሞ አምጣው።"
"የቱን?"
"ያለ ጥፋቱ ያወለቅኸውን።"
በርሜሉ ሥር ተንበርክኬ ፈለግሁ፤
በጨርቅ ጠርጌ ሰጠኋት፤
እንደ ገበያ ዶሮ በብብቷ ሸጉጣው ሄደች።
ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅሁም፤ አፌ የት አለና!

እሑድ በባሕሩ ዳር ሳልፍ ጀልባዋን አየሁ።
ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ተገልጧል፤
ከጀልባዋ ግንባር በወረደው ገመድ ጫፍ
እሱ ነው፣
ወገቡን ታስሮ፣ ግማሽ አካሉ ተቀብሮ።
ውኃው ተመልሶ ጀልባዋን አነሣት፤
ገመዱ ተወጠረ፣ ጎተተው።
አልለቀቀም።
ኮፍያዬን ነካ አድርጌ አለፍኩ።