የግራው ታኮ

ጅማ ኤርፖርት ላይ ታኮ ነው ሥራዬ፤
ጎማው ሥር ወሽቄ፣ ጆሮዬን ከልዬ።
ሁለት ሽብልቅ እንጨት፣ መሐላቸው ገመድ፣
ያን ሁሉ ቶን ብረት የሚያግዱ ከመንገድ።

በሐምሌ አንድ ሰኞ፣ ጉም ሜዳው ላይ ወድቆ፣
የነፋስ ከረጢት ምሰሶው ላይ ተጣብቆ፣
ካፒቴን ይልቃል ሁለቴ ዞረና
ሸገር ተመለሰ፣ ማረፊያ አጣና።
«ይሄ ነው አብራሪ! አስተዋይ ነው፣ ጀግና፣
ለሰው ነፍስ የሚሳሳ» ተባባልንና
ሻይ አዘዝን።

ሐሙስ ያው ጉም መጣ፤ ያው ዝናብ፣ ያው ሜዳ።
ሲቲና አባ ፊጣ፣ ለኛ ያልሆነች እንግዳ፣
የሂርማታ ልጅ ናት፤ አባቷ ፈልፋይ፣
ከአንድ ግንድ በርጩማ አውጥቶ የሚያይ፣
እግሩ እንዳይዋዥቅ ዝቅ ብሎ የሚያይ።
ሁለቴ ዞረች፤ ድምፅ ብቻ ከላይ፤
ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ በግቤ ሰማይ።

ያኔስ ምን አልን?
«ፈርታ ነው!» አለ አንዱ፣ ሻንጣ እየገፋ፣
«ሴት ናት፣ ጉም ስታይ ልቧ ነው የጠፋ።»
«ስታረግዝስ?» አለች ሙኒራ ከካፌው፣
«ሆዷ መሪውን አይገፋ?»
ሐጂ አባ ገሮ በከዘራ ነክተውኝ
«ሴት ብታውቅ...» አሉና ጫፉን ተዉልኝ፤
«በወንድ ያልቃል» አልኩ።
ሳቁ። አሳቁኝ።

ትኬት መለሱ፤ «በሴት እጅ አልሞትም፣
ነገም እሷ ከሆነች እኔ አልሳፈርም።»
ባስ ያዙ በማግሥቱ። ወልቂጤ ላይ ጎማ
ፈንድቶ፣ መንገድ ዳር ማደራቸው ተሰማ።
ሾፌሩ ወንድ ነው፤
ተረት አላወጣንለትም።

ቅዳሜ ጠራና አረፈች በእርጋታ፣
የአስፋልቱን ኩሬ እንኳ ሳታንገላታ።
እሷ መሆኗን ግን ማን ነግሮኝ? ታኮዬን
ወሽቄ ቀና ስል፣ ጠራርጌ ዓይኔን፣
አንዲት ሴት ቆማለች፣ ባትሪ የያዘች፣
ከነሸሚዟ ካፊያው ውስጥ የገባች።
«እህቴ» አልኳት፣ «ካፒቴኑ የታለ?
የሚፈርምልኝ አንድ ወረቀት አለ።»

መልስ አልሰጠችኝም። ብዕሬን ተቀበለች፤
እንደ አባቷ ዝቅ ብላ ጎማውን አየች፤
ታኮዬን በጫማዋ ነካ ነካ አድርጋ
«የግራው ላልቷል» አለች፣ «በደንብ አልተጠጋ።»
ፈረመች።

እውነቷን ነው፤ ላልቷል።
በሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልነገረኝ፤
ስንት ወንድ ካፒቴን ሲያልፈኝ፣ ሰላም ሲለኝ።

ከዚያ ወዲህ እንጨቱን ሳነሳ በጠዋቱ
ያ ተረት ይመጣል፤ ይሄው ነው ክብደቱ፣
በአንድ እጅ ይነሳል፤
ግን ጎማ ሥር ሲገባ፣
ያን ሁሉ ቶን ብረት አስሮ ያውላል።

ሐጂ እስከ ዛሬም በባስ ነው የሚሄዱ።
ሙኒራም ስለ ሆዱ
ትጠይቃለች አንዳንዴ።
እኔ፣ ዝቅ ብዬ፣
የግራውን ሁለቴ አያለሁ።